ባለቀለሟ እና ራሱ የሚቀላው ጽሑፍ

በሆስፒታሉ የመድኃኒት መጋዘን ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ሴት ሰው ሁሉ «ባለቀለሟ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በሦስት እርሳሶቿ ነው። በየመድኃኒቱ ካርድ ላይ ጊዜው ያለፈበትን በቀይ፣ ሦስት ወር ያልቀረውን በቢጫ፣ ገና የሚቆየውን በአረንጓዴ ታሰምራለች። የማብቂያ ቀኑ ካልተነበበላት ደግሞ ቦታውን ባዶ ትተወዋለች። ባዶ ማለት «እኔን ሳትጠይቁ እንዳትነኩ» ማለት ነው። ይህን የትም የጻፈው የለም። እሷ ታውቃለች፣ እሷም እዚያው ናት፣ በቃ።

ከዚያ አዲሷ ሠራተኛ መጣች። ገና ከኮሌጅ የወጣች፣ ጥርሷ የማይከደን ልጅ። ካርዶቹን በሙሉ ዳታቤዝ ውስጥ እናስገባ አለች። ባለቀለሟ እያጉረመረመች ስድስት ሳምንት ስትተይብ ከረመች፤ ባዶውንም እንደ ልማዷ ባዶ ተወችው።

ሰኞ ጠዋት አዲሷ ሠራተኛውን ሰብስባ ስክሪኑን አሳየች።

«እዚህ ጋ አንድ ራሱ የሚያሰላ ቦታ አለ» አለች። «የማብቂያውን ቀን ከዛሬው ቀን ጋር ያስተያያል። ካለፈ ጽሑፉን ቀይ ያደርገዋል፣ ሦስት ወር ካልቀረው ቢጫ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። አጠገቡ ያለችው የጠርሙስ ሥዕልም አብራ ትለወጣለች። ነገ ስትከፍቱት ማንም ሳይነካው ቀለሙ ተቀይሮ ታገኙታላችሁ።»

ኃላፊው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከእንግዲህ ሲስተሮች ስክሪኑን እያዩ ራሳቸው ማንሳት ይችላሉ አለ። ሲስተሮቹም «ተገላገልን!» ብለው አጨበጨቡ።

ተገላገልን? ከማን ነው የተገላገሉት? ባለቀለሟ እርር ድብን አለች። ይህን ሁሉ ዓመት እርሳስ ስትቀርጽ አንድ ቀን እንኳ «እሰይ» ያላት የለም፤ ይቺ ትናንት የመጣች ልጅ በአንድ መስመር ቀመር ጭብጨባ አፈሰች። ቀናች። ሌላ ስም የለውም፣ ቀናች። የልጅቷ ጫማ ሳይቀር አስጠላት።

ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ስትሆን ስህተት ፍለጋ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አበጠረችው። አገኘችም። ውኃ ነክቶት ከነጠርሙሶቹ ጽሑፉ የለቀቀ አንድ ካርቶን የሕፃናት ሽሮፕ ነበር፤ ቀኑን ባዶ ትታዋለች። ቀን የሌለው ነገር አላለፈም፣ አልተቃረበምም፤ ስለዚህ ቀመሩ «ከዚያ ውጭ» ውስጥ ከቶ አረንጓዴ ቀብቶታል። ጠርሙሷም አረንጓዴ ለብሳ አምሮባታል።

ባለቀለሟ በልቧ እልል አለች። መናገር ሲገባት ምላሷን ያዘች። ሐሙስ የሆስፒታሉ ቦርድ ሰዎች ሊጎበኙ ነው፤ ያኔ ሰው በተሰበሰበበት «ይቺስ ምንድን ናት?» ብላ ልጅቷን ልታዋርዳት ቆረጠች። እስከዚያ ካርቶኑን የሚነካ ቢመጣ እዚሁ አይደለሁ እንዴ ብላ ራሷን አታለለች።

ረቡዕ ጠዋት የሕፃናት ክፍል ሲስተር መጣች። ስክሪኑን አየት አደረገችና ቀጥ ብላ ወደ መደርደሪያው ሄዳ ካርቶኑን አቅፋ ወጣች። ባለቀለሟ እያየቻት ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው የቀራት፣ አንዲት ቀን! ሲስተሯ ኮሪደሩን አጋምሳ ነበር፣ እሷ ከወንበሯ ስትነሳ።

«ሲስተር! ቁሚ! መልሺው!»

«ምን ሆነዋል እትዬ? አረንጓዴ እኮ ነው።»

«ቀን የለውም! ባዶ ነው! ባዶ ማለት አትንኩ ማለት ነው!»

አዲሷ ሰምታ መጣች። ነገሩ ሲገባት ፊቷ ዐመድ መሰለ። አልተከራከረችም፤ ተቀምጣ በቀመሩ መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ጨመረች፦ ቀኑ ባዶ ከሆነ ጽሑፉ ጥቁር ይሁን፣ በጠርሙሷ ቦታም «ጠይቁ» የሚል ይውጣ። ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ ኃላፊውን ጠርታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ እትዬ ባይደርሱልኝ ጉድ ሆኜ ነበር» አለች።

ኃላፊው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ጭብጨባ መጣ፣ እሷ ግን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ይባስ ብላ በዚህም ቀናች። ጥፋትን እንዲህ አፍ ሞልቶ ተናግሮ ቀለል ማለት፣ ምነው ለኔም በሰጠኝ አለች።

ሲስተሯ ካርቶኑን እያስቀመጠች ድንገት ቀጥ አለች።

«ትናንት፣ እርስዎ ለምሳ ሲወጡ፣ ከዚሁ ሁለት ጠርሙስ ወስጃለሁ እኮ።»

ጭብጨባው ቆመ።

«አይዞሽ» አለቻት አዲሷ እጇን ይዛ፤ «ትናንትማ ማንም አላወቀም ነበር።»

«እኔ አውቅ ነበር» አለች ባለቀለሟ። «ከሰኞ ጀምሮ አውቅ ነበር።»

ማን ምን እንዳላት አልሰማችም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠች፣ ጠርሙሶቹ ገና እንዳልተከፈቱ እየለመነች፣ ወደ ሕፃናት ክፍል እየሮጠች ነበር።