ጎማህ ተንፍሷል!

ከኮልፌ እስከ ሳንሱሲ ባለው ምድር እኔ ፈትቼ ያልገጠምኩት ሞተር ሳይክል ገና ከፋብሪካ አልወጣም። አንድ ሞተር ሲያስነጥሰው ሦስት ሰፈር ርቄ ሆኜ ካንዴላው መሆኑን እለያለሁ። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ሲቸግራቸው ይደውሉልኛል ብላችሁ አታምኑኝም። ልክ ናችሁ፣ ደውለውልኝ አያውቁም። እንዲያውም ከፈታኋቸው ሞተሮች መካከል መልሼ ስገጥም ሁለት ቡሎን ያልተረፈኝ ትዝ አይለኝም። የተረፉትን በአንድ ጣሳ አጠራቅሜያቸዋለሁ፤ ጣሳው ከብዶ አሁን የሱቄ በር ነፋስ እንዳይዘጋው መደገፊያ ሆኗል።

ሱቄ የምለው 18 ማዞሪያ ከመድረሳችሁ በፊት ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ጠግኜ ስጨርስ ሞተሩን የሚሞክረው ባለቤቱ ነው። ማዞሪያውን አንዴ ዞሮ ይመጣል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ድምፁን አዳምጣለሁ። ደንበኞቼ ይህን እንደ ትልቅ ጥበብ ያዩታል። እኔም እንዲህ አታስቡ ብዬ አልከለከልኳቸውም።

ትሪያል የሚባለውን ውድድር ያመጣችብኝ ታናሽ እህቴ ናት። ጤና ባለሙያ ናት። ጎጃም ገጠር ውስጥ ለዓመታት የክትባት ሣጥን ከሞተር ኋላ አስራ፣ ድንጋይና ጅረት እየተሻገረች ከቀበሌ ቀበሌ ስትዞር ኖራለች። ወደ አዲስ አበባ ስትዛወር አስፋልቱ ሰለቻት። ከዕለታት አንድ ቀን ከቀራንዮ ጀርባ ባለ የተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ እሁድ እሁድ የሚሰበሰቡ፣ ክለብ ያቋቋሙ ሞተረኞች አገኘች፤ በዚያው ቀረች።

የእነዚህ ሰዎች ውድድር ሩጫ የለበትም። በትልልቅ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ በውኃ ውስጥ አልፎ፣ በቀጭን ዳገት ተጠማዝዞ መውጣት ነው። ማን ቀደመ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጥያቄው ማን እግሩን መሬት አላስነካም ነው። እግር መሬት በነካ ቁጥር ነጥብ ይቆረጣል። አክስታችን አንድ ጊዜ መጥተው ለረጅም ሰዓት ሲያዩ ቆዩና፣ «ይኼ ውድድር ነው ወይስ ስእለት አለባቸው?» አሉኝ።

ለትሪያል ሞተር ማዘጋጀት ማለት ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነው። መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ መስታወቱን አወለቅሁ። ቆሞ ለሚነዳ ሰው መቀመጫ ምን ያደርግለታል ብዬ ስፖንጁን ቆረጥኩት። የኋላውን የካቴና ጥርስ በትልቅ ለወጥኩት፤ ሞተሩ ፍጥነቱን አጥቶ እንደ በቅሎ እያሰበ የሚረግጥ ሆነ። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎቹን ሆን ብዬ ጥቂት አላልቼ ነው የማስራቸው፤ ሞተሩ ሲወድቅ ዞረው ይተርፋሉ፣ አጥብቄ ባስራቸው ግን ይሰበራሉ። ከእያንዳንዱ እሁድ በኋላ ጭቃውን አጥቤ፣ የአየር ማጣሪያውን በሳሙና አሽቼ፣ ካቴናውን ዘይት አጠጣዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሞተሩ ላይ ነገር እንዲጨመርለት ሲለምነኝ ኖሯል፤ ጥሩንባ፣ ባለቀለም አምፖል፣ ተለጣፊ አንበሳ። እሷ ብቻ ናት «ይኼንንስ ባናደርገው?» እያለች የምትጠይቀኝ።

ዋናው ጎማው ነው። የትሪያል ጎማ ለስላሳ መሆን አለበት። ጠንካራ ጎማ ከድንጋይ ላይ ይነጥራል፤ የለሰለሰው ግን ድንጋዩን ያቅፈዋል። የነፋስ መለኪያዬ እዚያ ድረስ ወርዶ ስለማያነብ የምንለካው በአውራ ጣት ነው። መጀመሪያ እኔ ተጭኜ አየር እለቅቃለሁ፣ ከዚያ እሷ ትጫናለች።

«አሁንስ?»

«ገና ጥሬ ማንጎ ነው።»

ትንሽ እለቅቃለሁ። «አሁንስ?»

«አሁን የደረሰ አቮካዶ። በቃ፣ ጋሼ፣ እንዳትነካው።»

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ አናወራም። እኔ በሕይወቴ ዝም የምለው ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከአባታችን ሞት በኋላ የቤቱ ታላቅ ሆኜ እንኳ ይህችን ልጅ ከቀልድ በቀር ምን እንደሰጠኋት ሳስብ ብዙ አይመጣልኝም፤ እሷም ጠይቃኝ አታውቅም። የጠየቀችኝ ይህን ሞተር ብቻ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ክለቡ ሐዋሳ ለሚደረግ ውድድር ሰው ይልክ ነበርና አንድ ቦታ ቀረ፤ ለዚያ ቦታ እሷና አንድ ሃያ ዓመት የሚሆነው ጎረምሳ እሁድ ጠዋት ካባው ውስጥ ሊለዩ ተቀጠሩ። በሁለት ዙር ድምር ነጥብ ያነሰ የተቆረጠበት ያልፋል።

«ጋሼ፣» አለችኝ ቅዳሜ፣ ጉልበቷን እያሸች፣ «ይኼ ጉልበት እስከ ከርሞ አይጠብቀኝም።»

እሁድ ጠዋት እሷ ከአዳር ተረኝነት በቀጥታ ወደ ካባው ሄደች። ሞተሩን ካደረበት ቤቴ የሚያመጣው የክለቡ ፒክአፕ ነበር፤ ከክለቡ አንዱ ደወለና አልነሳ ማለቱን ነገረኝ።

«አንተ ደግሞ ምን ቸገረህ!» አለኝ። «በወንዙ ዳር በጓሮ ነድተኸው ና። ትራፊክ የለ፣ ሰው የለ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅብህም።»

«ሞተር ከውድድር በፊት አይሞቅም፤ እገፋዋለሁ» አልኩት። እንዲህ ያለ ሕግ በዓለም ላይ የለም። የጓሮው መንገድ ደግሞ ለሚነዳ እንጂ ለሚገፋ አይሆንም፤ ቁልቁለቱ ሞተሩንም እኔንም ወንዝ ውስጥ ይጨምረናል። ስለዚህ በአስፋልቱ ወጣሁ።

የለሰለሰ ጎማ መግፋት የሞተ በሬ እንደመጎተት ነው። ያም ብቻ ቢሆን ጥሩ። በዚህ ከተማ ሰው ሁሉን ነገር አይቶ ያልፋል፣ የተነፈሰ ጎማ አይቶ ግን አያልፍም። የታክሲ ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ «ፋዘር፣ ጎማው ወርዷል!» አለኝ። ከቅዳሴ የሚመለሱ እናት ቆመው «ልጄ፣ ጎማህ ተንፍሷል እኮ፣ አይታይህም?» አሉኝ። መጽሐፍ ቅዱስ የያዙ ሦስት ወጣቶች ወደ ጸሎት ቤታቸው ሲሄዱ አግኝተውኝ «ወንድማችን፣ እንግፋልህ?» አሉ፤ እምቢ ስላቸው ጌታ ይርዳህ ብለውኝ አለፉ። ለመጀመሪያዎቹ አስረዳሁ፤ ትሪያል ምን እንደሆነ፣ ጎማ ለምን እንደሚለሰልስ። ኋላ ላይ «እሺ፣ አመሰግናለሁ፣ አይቼዋለሁ» ብቻ ሆነ መልሴ።

18 ማዞሪያ ስደርስ ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሞተሩን የማውቀው ጎሚስታ ደጃፍ አስደግፌ፣ «ወንድሜ፣ አንዴ እያት» ብዬው ሻይና ቦምቦሊኖ ልቀምስ ገባሁ። ስወጣ ጎሚስታው አንድ አይሱዙ ሥር ተኝቷል፣ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። «አመሰግናለሁ!» ብዬ ለእግሩ ጮኼ ሞተሩን ገፋሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተአምር ልንገራችሁ። ጉልበቴ ታደሰ! ሞተሩ እንደ ሕፃን ጋሪ ይንሸራተት ጀመር። ዳገቱን እያፏጨሁ ወጣሁት። አንድም ሰው ጎማህ ተንፍሷል አላለኝም። ቦምቦሊኖ እንዲህ ዓይነት ኃይል እንዳለው ሳላውቅ ሃምሳ ዓመት በከንቱ መኖሬ ቆጨኝ። ቀራንዮ ስደርስ ጎረምሶቹን ሁሉ «ይኼን ክንድ አያችሁት?» እያልኩ ነበር።

እህቴ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ስሟ ተጠርቶ ስለነበር ሞተሩን ከእጄ ተቀብላ፣ ሄልሜቷን አጥልቃ፣ በቀጥታ ካባው ውስጥ ወዳለው ጅረት ገባች። አውራ ጣቷን አልተጫነችም። ቅዳሜ አብረን ለክተነው አልነበር?

የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ሞተሩ እንደ ኳስ ነጠረ። እግሯ አረፈ። ቀጣዩ ላይ ወደ ጎን ሸሸባት፤ አሁንም አረፈ። ከውኃው ስትወጣ ሁለቱም እግሮቿ መሬት ላይ ነበሩ። ጎረምሳው ያንኑ መንገድ አንዴ ብቻ እግሩን አሳርፎ ጨረሰ።

ወርዳ ጎማውን ተጫነችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ ድንጋይ ነው።»

እኔም ተጫንኩት። የቦምቦሊኖው ተአምር እዚያው ላይ አበቃ።

ክለቡ ውስጥ አንድ ደንብ አለ፤ አንዲት ፍየል የአንዱን ሰው የፍሪሲዮን ገመድ ከበላችበት ቀን ወዲህ የወጣ ነው። ከተወዳዳሪው ወገን ያልሆነ አካል ሞተሩን ከነካውና ወገኑ ሳያውቅ ከገባ ዙሩ ይደገማል። ይህን ይዤ ወደ ዳኛው ሮጥኩ። ዳኛው ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ ፊሽካቸውን ከአፋቸው ሳያወጡ ነው የሚያዳምጡት። ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጎሚስታው ዘንድ ደወልኩ።

«ሞተሩን ምን አደረግኸው?»

«ነፋሁልህ ነዋ! ሁለቱንም!» አለ። ካባው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማል። «ጎማው እኮ ሞቶ ነበር! የሰፈር ልጅ እንዲያ እየለፋ ዝም ልል ነው? ደግሞ ብር እንዳታነሳብኝ፣ እቀየምሃለሁ።»

ሰዉ ሳቀ። ልቆጣው አስቤ ነበር፤ ግን በምን ይቆጡታል? ያ ሁሉ መንገደኛ በአፉ የመከረኝን እሱ በእጁ አደረገው፣ ያውም ሳልጠይቀው።

ዳኛው ግን አልሳቁም። ፊሽካውን አወጡ።

«መነፋቱን አመንኩ። ወገኑ አላወቀም የሚለውን ነው ያላመንኩት። ከ18 ማዞሪያ እዚህ ድረስ አንተ አይደለህ ያመጣኸው? የተነዳ ሞተር ጎማው መጠንከሩን በአሥር ሜትር ውስጥ ይናገራል። አንተን የመሰለ ሰው ይኼ ይጠፋዋል? አውቀህ ነው ያስገባሃት፤ ካወቅህ ደግሞ አይደገምም።»

እኚህ ዳኛ ስለ እኔ ምን ያውቃሉ ካላችሁ፣ የሚያውቁትን የነገርኳቸው እኔው ነኝ። እሳቸውንም ጎረምሶቹንም ስንት እሁድ አስቀምጬ በወጣትነቴ ከአምቦ አዲስ አበባ በአንድ ጎማ ብቻ፣ የፊቱን ወደ ሰማይ አንስቼ፣ መምጣቴን ተርኬላቸዋለሁ። ሆለታ ላይ ሻይ የጠጣሁት እንኳ ሳልወርድ ነው። አሁን ሁሉም ከበውኝ ይጠብቃሉ። እህቴ ሞተሩን ይዛ ቆማ ጉልበቷን ታሻለች።

«አልነዳሁትም፤ ገፍቼው ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ለምን? መንገዱ በጓሮ ክፍት ነው።»

«መንዳት ስለማልችል።»

«ዛሬ አሞህ ነው?»

«ዛሬም፣ ትናንትም። ችዬ አላውቅም።»

ጎረምሳው፣ የእህቴ ተፎካካሪ፣ ጣልቃ ገባ። «ጋሽዬ፣ ሱቅህ ውስጥ ዓይንህን ጨፍነህ የምታዳምጠውስ?»

«ምን ላድርግ? ከሞተሩ ላይ ከምወድቅ ብዬ ነው።»

ካባው ድንጋዩ ሳይቀር ሳቀ ብል አላጋነንኩም። ዳኛው ራሳቸው ፊሽካውን ነክሰው ሲስቁ ድምፅ አወጣባቸውና ሁለት ሞተረኛ ሳይጠራ ተነሳ። ሲረጋጉ፣ «እንዲህ ብሎ የሚዋሽ ሰው የለም፤ ይደገም» አሉ።

ተንበርክኬ አየሩን ለቀቅኩ። እህቴም አጠገቤ ተንበረከከች። እሷ ስትጫን እኔ ስለቅ፣ አቮካዶ ላይ ደረስን።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሞተር ስትገፋ እያየሁ?»

ገባች። ሞተሩ ድንጋዩ ላይ ሲወጣ ጎማው ሲያቅፈው ከዳር ሆኜ አየሁት። ውኃው መካከል ላይ ቆመች፤ ሙሉ በሙሉ ቆመች። አንድ ትንፋሽ ያህል እዚያ ተንጠልጥላ ቆይታ መሪውን ጠምዝዛ ወጣች። እግሯ አልነካም። በሁለተኛው ዙርም አልነካም። ሐዋሳ የሄደችው እሷ ናት።

ሞተሩን በኋላ ተጠግኖ በመጣው ፒክአፕ ላይ ስንጭን ጎረምሳው ተጠጋኝ። ተሸንፎ እንኳ አንድ ነገር ከንክኖታል።

«ጋሽዬ፣ ግን ከአምቦ በአንድ ጎማ የመጣኸውስ?»

ከአምቦ የመጣሁት በአውቶቡስ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ መንገዱን ሙሉ ፌስታል ውስጥ ሳስመልስ።