ባቡር ስንጠብቅ ያፈሰሰው ቤት

ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ ወዲህ ቅዳሜ የእኔ ቀን ሆኖ አያውቅም። ጠዋት መናኸሪያ እሄዳለሁ፣ የደጀን መኪና እፈልጋለሁ፣ እናትና አባቴ ዘንድ አድሬ እሁድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ወንድሜ ኑሮው አዲስ አበባ ነው፤ ከዓባይ ማዶ። መምጣት ይፈልጋል። ግን ዛሬ መንገዱ ተዘግቷል ይባላል፣ ነገ ተከፍቷል ይባላል፣ እሱም በስልክ “በርቺ እንግዲህ” ይለኛል። እኔም እበረታለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ያን ዓመት ደግሞ መንገዱ ሊታደስ ነው ተብሎ አሮጌው አስፋልት ከሉማሜ ወዲያ ተቆፈረ። መኪናው ሁሉ ከጎን በተጠረገ የአፈር መንገድ መሄድ ጀመረ። በበጋ አቧራ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ማጥ። ትልልቆቹ አውቶብሶች መምጣት ተዉ፤ ሰው ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ሚኒባሶቹ በወንበሮቹ መካከል በርጩማ እየደረደሩ፣ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት እያጠጋጉ ይጭኑን ነበር። ትራፊክ ፖሊስ ከሚቆምበት ቦታ ስንቃረብ ሾፌሩ “ትርፎች፣ ጎንበስ በሉ!” ይላል። በርጩማ ላይ የተቀመጥነው አንገታችንን ጉልበታችን ውስጥ እንቀብራለን። ክፍል ገብቼ ልጆቹን “ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ” የምል ሴት፣ በየሳምንቱ እንደዚያ ጎንበስ ብዬ ነበር የምሄደውና የምመለሰው። መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር። በኋላ ግን ድካሙ ለእፍረት የሚሆን ቦታ አልተወልኝም።

ከሁሉም የማልረሳው የሰኔ መጨረሻ አንዱን ቅዳሜ ነው። የፈተና ወረቀት አርሜ ጨርሻለሁ፤ ዓይኔ ቀልቷል። ትምህርት ቤቱ እየተዘጋ ስለነበር ዘንድሮ ትንሽ ሰንበትበት ብዬ እመለሳለሁ ብዬ ተነሣሁ። ከሉማሜ እንዳለፍን ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ መኪና ጭቃው ውስጥ ተሰንቅሮ መንገዱን ዘግቶት አገኘነው። ከፊትም ከኋላም መኪና ተደረደረ። ዝናቡ ይወርዳል። መስኮቱ ሲዘጋ ትንፋሽ ያጥረናል፤ ሲከፈት ውሃው ይገባብናል። ሾፌሩ አንዴ “አሁን ይጎትቱታል” አለ፤ ሌላ ጊዜ “ጎታቹ ከደጀን እየመጣ ነው” አለ፤ በመጨረሻ ምንም ማለት ትቶ መሪው ላይ ተደፍቶ ተኛ።

ከሰዓት በኋላ ከወዲያ በኩል የቆሙት ሾፌሮች ከእኛዎቹ ጋር ተነጋገሩና ተሳፋሪ ሊለዋወጡ ተስማሙ። ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ ዕቃችንን ተሸክመን፣ ተሳቢውን በጎን እየታከክን አለፍን። ከወዲያ የሚመጡትም ልክ እንደኛው ጫማቸውን ይዘው ያልፋሉ። መሀል ላይ ስንገናኝ “እንዴት ነው በእናንተ በኩል?” ተባባልን። “እንደ እናንተው ነው” አሉን።

ቤት ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ እናቴ ግን የለችም። ተጣርቼ ድምፅዋን ከማድቤት በኩል ሰማሁት። ገብቼ ሳይ ከእንጨት ክምሩ አጠገብ ፍራሽ ዘርግታ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ተኝታለች። አስም አለባት፤ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል።

“እማዬ! ምን ሆነሽ ነው እዚህ የተኛሽው?”

“ቤቱ ውስጥማ ማን ይተኛበታል?” አለች። “ግቢና እዪው።”

ገብቼ አየሁት። ባልዲ፣ ድስት፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበትኗል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ድምፅ ይንጠባጠብበታል። አልጋው ወደ ጥግ ተጎትቶ ላስቲክ ለብሷል። ግድግዳው ላይ ጭቃው ሟሙቶ ጭዱ ይታያል። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ባልረጠበችው አንዲት ቦታ ላይ፣ መደቡ ጫፍ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል።

“መጣሽ?” አለኝ። “መንገዱ እንዴት ነው?”

“አባባ፣ ይኼ ጣሪያ እስከ መቼ ነው እንደዚህ የሚሆነው?”

“ምን ላድርግ ልጄ? ታውቂው የለ። ባቡሩ…” አለ።

አውቀዋለሁ። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት ባለሙያዎች መጥተው፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን እርሻችን ዳር ተክለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲለኩ ሰንብተው ነበር። እዚህም እዚያም ድንጋይ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። አባቴ ጠላ አቅርቦላቸው ሲጠይቃቸው የባቡር መስመር እያጠኑ መሆኑን ነገሩት። ቀጥሎ ቀበሌው ሰፈሩን ሰብስቦ በዚያ በኩል ግንባታ እንዳይካሄድ አሳሰበ። ከዚያ ወዲያ ማንም ተመልሶ አልመጣም። ቀለሙን ዝናብ አጠበው። አባቴ ግን ባቡሩን መጠበቁን አልተወም።

ባቡር ይወዳል። በወጣትነቱ ድሬዳዋ ወርዶ የቀን ሥራ ሲሠራ ኖሯልና በአሮጌው ባቡር ተሳፍሯል። ልጅ ሆኜ ስለ ሀዲዱ፣ ስለ ፉርጎው፣ በየጣቢያው በመስኮት ብርቱካን ስለሚሸጡት ሴቶች ያወራልኝ ነበር። በመንገድ ተንገላትቼ በመጣሁ ቁጥር ደግሞ ያንኑ ይጠይቀኛል፤ “አንድ ባቡር የስንት ሚኒባስ ሰው የሚይዝ ይመስልሻል?” እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ግን ደክሞኝ ስለምመጣ “እንጃ አባባ፣ ብዙ ነው” እለዋለሁ። “ብዙ ነው!” ይላል ደስ ብሎት። “ደግሞ ጎንበስ በሉ የሚል የለ።” በዚህ ሁሉ መሀል ቤቱን ማደስ የሚባል ነገር አይነሣም፤ ተከልክሏል፣ ደግሞም ነገ ለሚፈርስ ቤት ምን ያደርግለታል ነው የሚለው። ቆርቆሮው መጀመሪያ ዛገ፣ ቀጥሎ ተበሳ። እናቴም መጀመሪያ ትናገር ነበር፤ ቀጥሎ ዝም አለች። አሁን ፍራሿን ይዛ ማድቤት ወረደች።

ሰኞ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። አንዱ ወደ ሌላው ቢሮ ላከኝ፣ ያኛው “ይህ እኛን አይመለከትም፤ ከበላይ ነው” አለ፣ ሦስተኛው በር ላይ ቆይቼ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ዘንድ ገባሁ። እሱም እንደኔ ሌሊቱን በደንብ የተኛ አይመስልም ነበር። ነገሩን ሁሉ ሲሰማኝ ቆይቶ፣

“እህቴ፣ ያ ጥናት ነው” አለኝ። “በሌላ በኩልም ተጠንቷል ሲባል ሰምቻለሁ። የት እንደሚያልፍ አላውቅም፤ ይመጣል፣ አይመጣም የነገረኝም የለም።”

“ታዲያ ለምን ሰው ቤቱን እንዳያድስ ተከለከለ?”

“እንዳያድስ?” አለ ቀና ብሎ። “አዲስ ቤት አትሥሩ ነው የተባለው። የሚያፈስ ጣሪያ መቀየርን ማን ይከለክላል? የእኔም ቤት እዚያው ነው፤ ከእናንተ ትንሽ ወረድ ብሎ። አምና ነው ቆርቆሮውን የቀየርኩት። አባትሽም ሥራውን ቆመው አይተዋል።”

አመስግኜ ወጣሁ። ወደ ቤት ስመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ መንገዱ ላይ ግን እግሬ አልፈጥን አለኝ። አባቴን ምን እንደምለው አላውቅም።

ሁለቱም ማድቤት ነበሩ። እናቴ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አባቴ በሩ ላይ እንጨት ይፈልጣል። የሰማሁትን እንዳለ ነገርኳቸው። አባቴ መጥረቢያውን አስቀመጠ።

“አባባ፣ ታውቅ ነበር?” አልኩት።

እጁን በጋቢው ጠረገ። ከዚያ “አውቅ ነበር” አለ።

እናቴ የእሳቱን እንጨት ወደ ውስጥ ገፋ አደረገች፤ ብቻ ትንፋሽዋ ሲያፏጭ ይሰማል። አባቴ የፈለጠው እንጨት ላይ ተቀመጠና፣ ወደኛ ሳያይ መናገር ጀመረ። ይህን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነበር።

ድሬዳዋ ሳለ እናቱ መታመሟን ሰው ይነግረዋል። ያኔ እናቴን አግብቷታል፤ እሷ እዚህ ከአማቷ ጋር ናት። እሱ ሥራውን ጥሎ ባቡር ላይ ወጣ። ሰው በሰው ላይ ነበር፤ የእንጨቱ ወንበር ሞልቶ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጠው። ግን ባቡሩ ሄደ። በየጣቢያው ይቆማል፣ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ይጭናል፣ ይሄዳል። ለገሃር አደረሰው። ከዚያ በአውቶብስ ተነሣ፤ ዓባይ በረሃ ሲደርሱ ናዳ ወርዶ መንገዱን ደፍኖታል። ሁሉም እንዲጠብቅ ተነገረው። ጠበቀ። ሲያቅተው አውቶብሱን ትቶ በእግሩ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጣ። ደጀን ሲደርስ ድንኳን ተጥሏል፤ እናቱ ተቀብራለች።

“ባቡሩ እስከዚህ ቢመጣ ኖሮ እደርስላት ነበር” አለ። “ከባለሙያዎቹ አንዱ ልጅ መሣሪያውን እርሻችን ዳር ሲተክል ያየሁ ቀን፣ ይኸው መጣ አልኩ። ለእኔ ባይሆን ለአንቺ፣ ለወንድምሽ። ጣሪያውን ከቀየርኩት እንደማይመጣ ያመንኩ መሰለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።”

እናቴ ቀስ ብላ ተነሥታ ወደ በሩ መጣች።

“ጠይቀኸኝ አታውቅም” አለችው።

“ምኑን?”

“እንዴት እንደሞተች። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። እየጠራችህ የሞተች ይመስልሃል። አልጠራችህም። ማታ ትንሽ አጥሚት ጠጣች፣ እግሬን ሸፍኚልኝ አለችኝ፣ ሸፈንኳት፣ ተኛች። በዚያው ነው የሄደችው።” ትንፋሽ አጠራትና ግድግዳውን ተደገፈች። “አሁን የታመምኩት እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ እዚሁ ነህ። እኔ ዘንድ ለመድረስ ባቡር አያስፈልግህም።”

አባቴ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበው። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ትከሻው ላይ እጇን አሳርፋ ጥቂት ቆየችና ወደ እሳቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ማለዳ ስነሣ አባቴ የለም። ቆይቶ ጎረቤታችን የሆነውን አናጢ ይዞ ተመለሰ። ሽማግሌው አናጢ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና፣ “አሁን ነው እንዴ የታየዎት? በክረምት?” አለው። “አዎ፣ በክረምት” አለ አባቴ።

ቆርቆሮውን ከከተማው ገዝተን በጋሪ አስመጣን። ሰፈሩ በወንፈል ወጣልን፤ ጥቂቱ ያፈርሳል፣ ጥቂቱ ማገር ያቀብላል። ወራጆቹ ከተገመተው በላይ በስብሰው ነበርና ሥራው በአንድ ቀን አላለቀም። አሮጌው ሁሉ ወርዶ አዲሱ ግማሽ እንደደረሰ ዝናቡ መጣ። ሸራ ይዘን ወዲያና ወዲህ ሮጥን፤ አልጋውም፣ የእህል ጆንያውም፣ እኛም ራስን። አባቴ የሸራውን አንድ ጫፍ ይዞ ቆሞ፣ ውሃው በክርኑ እየወረደ፣ “እሷን አስገቧት! እሷን አስገቧት!” ይላል፤ እናቴ ግን ከማድቤት አልወጣችም፤ ለሠራተኛው ንፍሮ እየቀቀለች ነበር።

የመጨረሻው ምስማር ሲመታ ማንም አልጨፈረም። ሁሉም ደክሞታል። በሉ፣ ጠጡና ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔና አባቴ የረጠበውን ወለል ጠርገን አልጋውን ወደ ቦታው መለስነው። እናቴ ፍራሿን ይዛ ገባች። ግድግዳውን በእጇ ዳበሰችና “ይኼም መመረግ አለበት” አለች። “ክረምቱ ይውጣ፣ እመርገዋለሁ” አላት።

አስሟ ቀለል አለላት እንጂ አልተዋትም፤ ብርድ ሲሆን አሁንም ደረቷ ያፏጫል። መንገዱም እስካሁን አላለቀም። አንዳንዱ ቦታ አዲስ አስፋልት ለብሷል፣ አንዳንዱ እንደተቆፈረ ክረምት ይመጣበታል። አባቴ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሲያገኝ ስለ ባቡሩ መጠየቁን አልተወም፤ “አልሰማሁም” ሲሉት ግን እንደ ድሮው አያዝንም። ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳውን መርጓል፤ በረንዳውንም አስፍቶታል።

ያኔ ሥራው ያለቀ ዕለት፣ ወለሉን ጠርገን እንደጨረስን፣ መደቡ ላይ ትንሽ ጋደም ልበል ብዬ ነበር። ከውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ከውስጥ ምንም የሚንጠባጠብ የለም። እናቴና አባቴ ስለ ጤፍ ዘር ቀስ ብለው ያወራሉ። የሚሉትን ልሰማ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።