ለእርጉዝ የተተከለው የለቅሶ ድንኳን

ድንኳን መትከል የጀመርኩት መርካቶ፣ ጋሽ ታደሰ በሚባሉ አከራይ ስር ነው። በመጀመሪያው ቀን መዶሻና ካስማ አስታቅፈውኝ «ደንበኛ ቤት ስትገባ አፍህን ከመክፈትህ በፊት ፊታቸውን እይ» አሉኝ። አየሁ። አንዲት ልጅ እናቷን አቅፋ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ አረፍኩት። ለካ ሙሽራዋ ናት! አባትየው በካስማ ሊሉኝ ምንም አልቀራቸው።

እያደር ዋና ተካይ ሆንኩ። አንዱ ምሰሶ ያቆማል፣ አንዱ ሸራ ይጎትታል፣ አንዱ ገመድ ይወጥራል። ካስማ የምመታው እኔ ነኝ፤ ካስማ ለማንም አልሰጥም።

አንድ ማክሰኞ ጀማል የሚባል የጨርቅ ነጋዴ መጣ። ሚስቱ ሰሚራ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሴቶች ተሰብስበው ሆዷን ቅቤ እየቀቡ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለምና ነበር፤ አማቷ እትዬ ዘሃራ ግን የሰው ዓይን ፈሩ። በስንት ጭቅጭቅ የተስማሙት ሰባት ሴቶች ብቻ ተጠርተው ለሌላ ለማንም እንዳይነገር ነው። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ደጁ ላይ ድንኳን ይተከል ተባለ።

«አደራ፣ ድምፅ ሳታሰማ ትከል» አሉኝ እትዬ ዘሃራ።

«እትዬ፣ ካስማ እኮ በመዶሻ ነው የሚመታው።»

«ቀስ ብለህ ምታዋ!»

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የኔ ነው። ነጩ ድንኳን ሰርግ ቤት ስለነበር ለቅሶ ለለቅሶ ሲዞር የኖረውን ጥቁር አረንጓዴ ሸራ ይዤ ሄድኩ። በሥራ ቀን፣ ማንም ምንም ሳይሰማ፣ ያ ሸራ ደጃቸው ላይ ቆመ። ሰፈሩ ምን ይበል?

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በዚያ ሲያልፍ አየው። ዛሬ ዛሬ ጥሩምባውን ትቶ በቴሌግራም ነው የሚነፋው። ማን ሞተ ብሎ እንኳን አልጠየቀም፤ እዚያ ቤት ያሉት አሮጊት አንድ ናቸው። የእትዬ ዘሃራን ስም ጽፎ ለቀቀው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከእህል በረንዳ ድረስ ሱቁን የዘጋው ሁሉ ይግተለተል ጀመር። ከፊት ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ዘሃራዬ! ሳንታረቅ ጥለሽኝ ሄድሽ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ።

ላስቆማቸው ስሮጥ እትዬ ዘሃራ ከበሩ መጋረጃ ኋላ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ቆይ፣ አስካለ ትጨርስ። ሦስት ዓመት አኩርፋኛለች።»

ሰሚራ ግን ለቅሶውን ሰማች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳው ስር ቁጭ አለች። «ለልጄ ነው የሚያለቅሱት። እማ፣ ይሄም አይተርፍልኝም» አለች። የዚያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ ዘሃራም ደነገጡ። ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ። እትዬ አስካለ «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ ሲሸሹ የወጠርነው ገመድ ጠልፎ ጣላቸው፤ ድንኳኑም ባንድ ጎኑ ዘመመ።

«አልሞትኩም!» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ምራቴን ላስመርቅ ነው። ዓይን ፈርቼ ደበቅኳችሁ፤ አጥፍቻለሁ።» ከዚያ ተከትላቸው በሩ ላይ ወደ ቆመችው ሰሚራ ዞሩ። «ስሚኝ ልጄ። ሞት ዛሬ የመጣው እኔን ብሎ ነው። ይኸው፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። አንቺ ጋ ምንም ጉዳይ የለውም።»

እትዬ አስካለ ከወደቁበት ሳይነሱ «አሜን!» አሉ። ተነስተው ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱና ከተጠሩት ሴቶች ቅቤውን ተቀብለው የሰሚራን ሆድ ቀቡ። ለሰባት ሴት በተተከለ ድንኳን ሰፈሩ ሁሉ እጁን ዘረጋ። አንዱ «አላህ በሰላም ይገላግልሽ» ሲል ሌላዋ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ትላለች። ሰሚራም ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ከሆዷ ላይ አንስታ አሜን አለች። እኔ የዘመመውን ምሰሶ በትከሻዬ ደግፌ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

በወሩ ሴት ልጅ ወለደች። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

ሥራውን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው፦ ድንኳኑ ለምን እንደሚተከል ጎረቤት ሳይሰማ የመጀመሪያውን ካስማ አትምቱ።