ከደካ የሚመጡ ሰርጎች

ከባለቤቴ ጋር ከተፋታን በኋላም የሰርግ ቪዲዮ ሥራችን አልተቋረጠም። እሱ ደካ ፎቶ ቤት ከፍቶ ሰርግ ይቀርጻል፤ እኔ ቦንጋ ከተከራየሁባት ክፍል ሆኜ ኤዲት አደርጋለሁ። የቀረጸውን በሃርድ ዲስክ ገልብጦ ለሚኒባስ ሾፌር ይሰጣል፣ እኔ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። ንግግራችን "ላክሁ" እና "ደረሰ" ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት መኪናው ጭቃ ውስጥ አደረ። ሃርድ ዲስኩ ውኃ ገብቶበት አልከፈት አለ። ደግነቱ እሱ ዋናውን አላጠፋውም ነበር። ከዚያ በኋላ ከሱ ኮምፒውተር በቀጥታ ወደኔ ኮምፒውተር ፋይል የሚልክ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም ካቆመበት የሚቀጥል ፕሮግራም አገኘ። ሁለታችንም ጫንን። ሠራ፤ ግን ይንቀረፈፋል።

"የናንተ ራውተር ከውጭ የሚመጣውን ስለማያስገባ ፋይሉ ሌላ አገር ባለ ኮምፒውተር በኩል ዞሮ ነው የሚደርስሽ" አለኝ በስልክ። "ፖርት መክፈት አለብን።"

ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለው ራውተር አከራዬ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው ያለው። አቧራ እንዳይነካው ብለው ዳንቴል አልብሰውታል። አከራዬ ከወልቂጤ በኩል የመጡ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሴት ናቸው።

"ፖርት ደግሞ ምንድነው?" አሉኝ።

"እንደ በር ነው፣ እትዬ።"

"በኔ ቤት ላይ በር ልትከፍቺ?"

ለአንድ ፕሮግራም ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ከኔ ኮምፒውተር እንደማያልፍ አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና "በዚህ በር የሚገባው ያ የቀድሞ ባልሽ ነው?" አሉ።

"እሱ አይገባም። የሚገባው የቀረጸው ሰርግ ነው።"

"ሰርግ ከሆነማ ይግባ" ብለው ዳንቴሉን አነሱልኝ።

ላፕቶፔን ይዤ ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ እሱ በስልክ ይመራኛል።

"ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚል አለ?"

"የለም።"

"ቨርቹዋል ሰርቨር የሚልስ?"

"እሱ አለ።"

"እሱው ነው፣ ክፈቺው። ቀስ በይ፣ አትቸኩዪ።"

አብረን ስንኖር እንዲህ ታግሶ አስረድቶኝ አያውቅም። ከተለያየን ወዲህም ያን ያህል ረጅም ጊዜ አውርተን አናውቅም ነበር። የነገረኝን ቁጥሮች ጻፍኩ፣ ሴቭ አደረግሁ፣ ራውተሩ ጠፍቶ በራ። ፋይሉ ያኔውኑ መፍጠን ጀመረ። እሱም ከዚያ ማዶ "ይኸው!" ብሎ ጮኸ።

በማግስቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና መንቀርፈፍ ጀመረ። ልደውልለት ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። የራውተሩን ገጽ ራሴ ከፍቼ ሳየው፣ ኮምፒውተሬ መብራት ሲመለስ ሌላ የኔትወርክ አድራሻ ተሰጥቶታል፤ የተከፈተው ፖርት ግን አሁንም ወደ ድሮው አድራሻ ነው የሚልከው። ለኮምፒውተሬ የማይቀየር አድራሻ ሰጠሁት። ማታ ደወለ።

"እንደገና ፈጠነ። ማን አስተካከለው?"

"እኔ።"

"ጎበዝ" አለ፤ ተሰነባበትን።

ከዚያ ወዲያ ሰርጎቹ በራሳቸው ይመጡ ጀመር። ከገበያ ስመለስ ፎልደሩ ሞልቶ አገኘዋለሁ። መናኸሪያ መመላለሱም ቀረልኝ።

የሰርግ ወራት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ደወለ። ድምፁ ከወትሮው ዝግ ያለ ነበር።

"የምልከው ሰርግ አለ። የኔ ነው። ካልፈለግሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።"

ሌላ ሰው እንዲነካው እንደማልፈልግ የገባኝ ያኔ ነው።

"ላከው" አልኩት። "እንኳን ደስ አለህ።"

ቀረጻው ጥሩ አልነበረም። ከሺሺንዳ የመጣ ካሜራማን ነው የቀረጸው፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ሙሽራው ደግሞ አላርፍ ብሎ በየደቂቃው ወደ ካሜራው እያየ "ዝቅ አድርገው፣ ወደ ግራ" እያለ በእጁ ያሳያል። ያንን ሁሉ ቆርጬ አወጣሁ። አንዱን ብቻ ተውኩት፤ አማቱ እየሳሙት እንኳ እጁን ለካሜራማኑ ያወናጭፋል፣ ሙሽራዋ ታየውና ከልቧ ትስቃለች።

ይህን እያየሁ አከራዬ ገቡ።

"ያ ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ እትዬ።"

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና እስከ መጨረሻው አብረውኝ አዩ። ሲያልቅ "የቀሚሷ ጨርቅ ጥሩ ነው" ብለው ወጡ።

ያለቀውን በዚያው መንገድ ላክሁለት። አይቶት ደወለ።

"እጄን ያወናጨፍኩባትን ቦታ ለምን ተውሻት?"

"ሙሽራዋ እየሳቀች ስለነበር ነው።"

"እሺ፣ ትሁን" አለና እሁድ ሌላ ሰርግ እንዳለ፣ ፋይሉም ከባድ እንደሚሆን ነገረኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ቦታ ጠብቦ ስለነበር ያለቁትን ሰርጎች አጠፋሁ፤ የሱንም አብሬ።