የንግሥቲቱ መቃብር አስጎብኚ

የአስጎብኚው ኮት እጅጌ ነትቧል፤ ጫማው ግን እንደሚያስጎበኘው እብነ በረድ ያብረቀርቃል። ንጉሡ ለሟች ሚስቱ ያሠራውን መቃብር ሲያስረዳ ሁልጊዜ ከመሠረቱ ይጀምራል፤ መሠረቱን ያልሰማ ጎብኚ ቀና ብሎ ጉልላቱን እንዲያይ አይፈቅድም። «ማማዎቹ ወደ ውጭ ዘንበል ያሉት ለምን ይመስላችኋል? ቢወድቁ እንኳ እሷ ላይ እንዳይወድቁ ነው» ይላል።

ዛሬ እዚሁ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት፤ ድምጿ ለጎብኚዎቹም ይሰማል።

«አንተ ሰው፣ ጣሪያው ዛሬም አልጋው ላይ እያፈሰሰ ነው። ካልደፈንከው እህቴ ቤት እሄዳለሁ።»

«ነገ፣ የኔ እመቤት» አለና ወደ ጉልላቱ ተመለሰ። «ይኸው ስንት ክረምት አልፎበት አንዲት ጠብታ አላሳለፈም።»

አንዲት አሮጊት ጎብኚ እጃቸውን አነሡ። «በሕይወት ሳለችስ ምን ሠራላት፣ ልጄ?»

አስጎብኚው የሚያውቀውን ታሪክ ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ በሐሳቡ በረበረ፤ ምንም አላገኘም።

አመሻሹ ላይ ጉልላቱ የሚጸዳበትን መሰላል ተሸክሞ ሲወጣ ዘበኛው በሩ ላይ አስቆመው።

«ጋሼ፣ መሰላሉን ይዘው ወዴት ነው?»

«ሳትሞት ልድረስላት» አለና አለፈ።