የዘንገና ገንፎ

መምህር ወገኔ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀይ እስክሪብቶ የጨበጡት በዚህ ሰሞን ነው። ዳንግላ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ያኔ አንድ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ ነበር፤ ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብጦ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሮ፣ ውስጡ ግን የእሳተ ገሞራው ሥዕል እንደ ድልህ የቀላ። ያን ሥዕል ዛሬም ዓይናቸውን ጨፍነው ይሥሉታል።

ልጃቸው ዮዲት ቆሰበር ከተማ ስልክ ትጠግናለች። ዘንገና ሐይቅ ዳር አቁማ የቀረጸቻቸውም፣ ትምህርቱን ዩቲዩብ ላይ የጫነችውም እሷ ናት። መምህሩ እንደ ጥንቱ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ «ገንፎ በገበታ ሲቀርብ መሐሉ ይጎደጎዳል፤ ቅቤው እዚያ ይተኛል። ዘንገናም የተፈጠረው እንዲሁ ነው። ተራራው ገንፎ፣ ሐይቁ ቅቤ!» አሉ።

ተመልካች ተንጫጫ።

«ጠብቁኝ፣ ማንኪያ ይዤ እየመጣሁ ነው!»

«እኚህ ሰውዬ ሐይቁ ሲወለድ አዋላጅ ነበሩ እንዴ?»

«አያቴ በእርግማን የሰመጠ አገር ነው ብላኛለች። ከሳቸው አያቴን አምናለሁ።»

«በርበሬውን ረሱት።»

ዮዲት አስተያየቶቹን ስታነብ መምህሩ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ያርማሉ። «ይኼ ጥያቄው አልገባውም፤ ዜሮ። ያኛው ደግሞ ከጎረቤቱ የቀዳ ነው፤ ሁለቱም ዜሮ!»

«አባዬ፣ ፈተና እኮ አይደለም።»

«ፈተና ቢሆንማ ማን አፉን ይከፍት ነበር!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘውድነሽ ከጓዳ ሆነው፣ «ማማሰያ ጨብጦ የማያውቅ ሰው፣ በገንፎ ነገር ማን ጥልቅ በል አለው?» ይላሉ።

ገበያ ሲወጡም አልቀረላቸውም። አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገባቸው ቆሞ፣ «ጋሽ ገንፎ፣ ይግቡ! ለቅቤው አናስከፍልም!» አላቸው። ከሱ ጋር ከመሄድ ጭቃውን መረጡ።

የነዚህን ሁሉ አፍ እንደ ገለባ ሊነፉት ይችሉ ነበር። የሚጠብቁት የአንድ ሰው ቃል ነው፤ የደርበውን። ከኋላ ወንበር አንሥተው ፊት ያስቀመጡት ያ ዝምተኛ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የከርሰ ምድር ነገር ያስተምራል። ዮዲት ትምህርቱን ልካለታለች። እሱ «ልክ ነው» ካለ ነገሩ አበቃ። ካላለስ? ያ ሁሉ ጠመኔ፣ ያ ሁሉ ዘመን ምን ሊባል ነው?

መልሱ መጣ፤ ያውም በአደባባይ። ዮዲት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችው።

«መምህር፣ ይቅርታዎን፤ ተሳስተዋል። የገንፎን ጉድጓድ ከላይ በማንኪያ ነው የሚያበጁት። ዘንገና ግን ከታች ተፈንቅሎ ነው የተጎደጎደው። የጋለ ቅልጥ ዐለት ከመሬት ውስጥ ውሃ ጋር ተገናኘ፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ፈነዳ። እኔ ያንን ገንፎ በፈተና ብጽፍልዎ ኖሮ ዜሮ ነበር የሚሰጡኝ።»

ከሥሩ ሳቁ ጎረፈ። «ገንፎው ተደፋ!» «ጋሼ ክፍል ደገሙ!»

«ላጥፋው፣ አባዬ?» አለች ዮዲት።

 መምህሩ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጡ። ሰደበኝ እንዳይሉ፣ ልጁ ያለው ልክ ነው። እንዲያውም እንደሳቸው ነው ያረመው፤ ሳያባብል።

ተነሡና ጓዳ ገቡ። «ዘውድነሽ፣ ገንፎ አገንፊ።»

«ራበህ? ገበታ ላቅርብ?»

«የለም፣ እዚያው እሳቱ ላይ ይሁን። ዮዲት፣ ስልክሽን አምጪ!»

ማማሰያውን ተቀብለው ድስቱ ላይ አጎነበሱ። ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ «ጉድ ነው! ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል ወጥ ቤት ገባ!» እያሉ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ገንፎው ወፈረ፤ ለአፍታም ዝም አለ። ከዚያ ከሥሩ እብጥ ብሎ ቧ! አለና ጉድጓድ ትቶ ፍንጣሪው መነጽራቸው ላይ ተለጠፈ።

«አየህ ደርበው!» አሉ መነጽሩን ሳይጠርጉ። «ከታች!»

ዮዲት ያንኑ ዕለት ጫነችው። የመጀመሪያው አስተያየት እንዲህ ይል ነበር፦ «አሁን ገና ልክ መጣ። በርበሬው ግን ዛሬም ቀርቷል።»

«ማነው ይኼ ባለጌ?»

«ደርበው ነው፣ አባዬ።»

መምህር ወገኔ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥተው ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ጻፉለት። አንዷን ስለ በርበሬው ቀነሱበት።