የፍጻሜው በረዶ

ሥራ የገባሁ ቀን ታላቅ ወንድሜ ሰይድ በመንገድ ጫማዬ በረዶው ላይ አስሄደኝ። ኦክላንድ፣ የበረዶ መንሸራተቻው አዳራሽ ውስጥ ነው። ገና እግሬን ሳነሳ በግንባሬ ተደፋሁ።

«ጎበዝ!» አለኝ። «እዚህ ቤት የገባ ሁሉ መጀመሪያ እጅ ይነሳል።»

ሲስቅ ቆይቶ የማያንሸራትት ጫማ ሰጠኝና ሥራ ጀመርን። እሱ ነጂ፣ እኔ ረዳት። በረዶውን የምናለሰልስበት ማሽን እንደ አናጢ መላጊያ ነው። የተቧጨረውን በረዶ በስለት ይልገዋል፤ ከኋላው ሙቅ ውሃ ያለብሰዋል። ለምን ሙቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ቀዝቃዛው ችኩል ነው፤ ጭረቱን ሳይሞላ በረዶ ይሆናል» አለኝ። የእኔ ድርሻ ማሽኑ የማይደርስበትን ጠርዝ መፋቅ ነበር።

በሰማንያዎቹ መካከል የኮሌጅ ክለቦች የበረዶ ሆኪ ውድድር መጣልን። ስምንት ቡድን ነው። አራቱ ኦክላንድ፣ አራቱ ሳን ሆዜ ይጫወታሉ፤ የሁለቱ ምድብ አሸናፊዎች ለፍጻሜ ይገናኛሉ። ጠንካሮቹ ቶሎ እንዳይፋጁ ቡድኖቹ ደረጃ ይሰጣቸዋል። አንደኛና ሁለተኛ በአንድ ምድብ አይገቡም። ባለሜዳ ከሜዳው አይነቀልም። ፍጻሜው ደግሞ አንደኛ በተባለው ቡድን አዳራሽ ይደረጋል።

ይቺ የመጨረሻዋ ደንብ ሰይድን እንቅልፍ ነሳችው። ልቡ ታሞ ነበር። ፍጻሜው ቅዳሜ፣ ኦፕሬሽኑ ሰኞ። ከዚያ ወዲያ ማሽን ላይ እንዳይወጣ ሐኪሙ ነግሮታል። ያን ሁሉ ዓመት ለልጆች ልደትና ለጀማሪዎች ሲልግ ኖሮ የፍጻሜ በረዶ ሠርቶ አያውቅም። አንዴ መሥራት ፈለገ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ለአንደኝነት የሚፎካከሩት የኦክላንድና የሳን ሆዜ ቡድኖች እኩል ነበሩ። አንዱ ሌላውን አንድ አንድ ጊዜ አሸንፏል። ምደባውን የምትመራው ማናጀራችን ሊንዳ አሰበች፣ አሰበች፤ ሲያቅታት ሳንቲም ወረወረች። ሳን ሆዜ አንደኛ ሆነ።

እኔ አለቀ አልኩ። ሰይድ ግን ዕቁብ ለምዷል። በእኛ ዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ለቸገረው ይለቃል። ይህ የዓለም ሁሉ ሕግ መሰለው። ሥራውን ትቶ ሄደ፤ ለምደባው የመጣውን የሳን ሆዜ አሠልጣኝ፣ ኮች ሬይን፣ ፓርኪንግ ላይ ያዘው። እኔም እየፈራሁ ተከተልኩት።

«ኮች፣ ዕጣህን ልቀቅልኝ።»

«ምኔን?»

«ፍጻሜው እዚህ ይሁን። ሰኞ ደረቴን ይከፍቱታል። ከዚያ በኋላ ማሽን የለም። የፍጻሜውን በረዶ እኔ ልሥራው።»

ኮች ሬይ የመኪናውን በር እንደከፈተ ወደ እሱ ዞረ። «ታዲያ ሳን ሆዜ መጥተህ ሥራዋ!»

«የሰው ማሽን አልነካም። የእናንተ ነጂ ቢያየኝ ሐኪሙን ሳይጠብቅ ደረቴን ይከፍተዋል።»

ሰውዬው ሳቀ። «እሺ፣ ብለቅልህ እኛ ምን እናገኛለን?»

«ዋንጫ።»

«ዋንጫውንማ ቤታችንም ሆነን እንወስደዋለን።»

«ሰው ቤት ገብተው የወሰዱት ይጣፍጣል» አለው ሰይድ።

ኮች ሬይ የመኪናውን በር መልሶ ዘጋና ወደ ሊንዳ ቢሮ ገባ። እኛ በሩ ላይ ቆመን እንሰማለን።

«ሬይ፣ አብደሃል?»

«አንደኝነቴን አልለቅም። የለቀቅኩት አዳራሹን ነው። ደንቡ ይከለክላል?»

ሊንዳ የደንቡን ወረቀት አገላበጠች። «ይህን የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብሎ የጻፈ የለም» አለችው።

ሁለቱ ቡድኖች በየምድባቸው እያሸነፉ ለፍጻሜ ደረሱ። የኦክላንድ ተማሪዎች ሰይድን ባዩት ቁጥር ትከሻውን እየመቱ ያመሰግኑት ጀመር። ሜዳውን ያመጣላቸው እሱ ነዋ።

ቅዳሜ ሰይድ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ከጨዋታው በፊት ላገ። ከሦስቱ የጨዋታ ክፍሎች ከመጀመሪያው በኋላ ላገ። ከሁለተኛው በኋላ መሃል ላይ ማሽኑን አቆመና ደረቱን ያዘ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያየዋል። በጎማ ጫማዬ ሮጥኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ውረድ፤ እኔ ልጨርሰው።»

«መሪውን ንካና እጅህን እቆርጠዋለሁ! ሂድ፣ ጠርዝህን ፋቅ።»

ትንፋሹን ሰብስቦ ጨረሰው። ሲወጣ በረዶው ላይ የጣሪያው አምፖል ሁሉ ይታይ ነበር።

ኦክላንድ ተሸነፈ። አንዱ ተጫዋቻችን በሩ ላይ ጠብቆ፣ «ሰይድ፣ ለሬይ ውለታ ስትል ሸጥከን!» አለው።

«በረዶው ለሁላችሁም አንድ ነው፤ የወደቃችሁት በገዛ እግራችሁ ነው» አለው ሰይድ። ኮች ሬይ ዋንጫውን አምጥቶ የማሽኑ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሰይድ «አንሳው፣ ወንበሩን ያረጥበዋል» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ግን ራሱ ፎቶ አንሱኝ አለ።

ሰኞ ሆስፒታል ገባ። አልወጣም። እዚህ ላይ ብዙ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ከቀብሩ በኋላ ሊንዳ የሱን ሺፍት ሰጠችኝ። እስካሁን የምነዳው እኔ ነኝ። ለአዲስ ረዳት የማስተምረው ብዙ ነገር አለ፤ ስለ ስለት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጠርዝ። ከሰይድ የተማርኩት ግን ይህ ነው፦ የምትፈልገው ነገር በሌላ ሰው እጅ ከሆነ፣ ሄደህ ጠይቀው። እምቢ ቢልህ የነበርክበት ትቀራለህ።